ተገልጦ የማይቀመጠው ማኑዋል፦ የአንድ ጥረዛ የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ያላጠፋችውን ጥፋት ይዛ ይቅርታ ስለጠየቀችኝ ነው። ከምትሠራበት የሶፍትዌር ማኑዋል አንድ ቅጠል ወልቆ ጠፍቶ ነበር። «በደንብ አልያዝኩትም መሰለኝ» አለችኝ። ማኑዋሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉ የወለቀው እሷ ስላልያዘችው አይደለም። እኛ በትክክል ስላላስጠረዝነው ነው። ነገሩ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የሰዎቹን፣ የድርጅቱንና የማተሚያ ቤቱን ስም አልጠቅስም።

ዳራው

ድርጅቱ ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ ያከፋፍላል። ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ሐዋሳ፣ ድሬዳዋና ሰመራ ላይ ቅርንጫፍና መጋዘን አለው። ለዓመታት በቢን ካርድ (የመጋዘን ዕቃ መግቢያና መውጫ በሚመዘገብበት ካርድ) እና በኤክሴል ሲሠራ ቆይቶ ወደ አንድ የንብረትና የሒሳብ ሶፍትዌር ለመሻገር ወሰነ። የሒሳብ ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሥራው በዚያው ቀን እንዲጀመር ተባለ። የእኔ ድርሻ ማኑዋሉን በአማርኛ መጻፍና ሠራተኞቹን ማሠልጠን ነበር።

«በዚህ ዘመን ማኑዋል ማተም ለምን አስፈለገ? ፒዲኤፍ አይበቃም ወይ?» ያሉኝ ነበሩ። ለእነዚህ ሠራተኞች አይበቃም ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ ያለው አንድ ስክሪን ነው። ፒዲኤፉን ሲከፍት ሶፍትዌሩ ይሸፈናል፤ ሶፍትዌሩን ሲመልስ ደግሞ ያነበበው ይጠፋበታል። መጋዘን ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ መብራቱ እስኪመጣ ቀጣዩን እርምጃ አንብቦ የሚጠብቅ ሰው አለ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ በእርሳስ እያሰመሩ ነው የሚማሩት። ስለዚህ ማተሙ ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ማኑዋሉ ሲያልቅ 436 ገጽ ሆነ፤ 218 ቅጠል ማለት ነው። መጠኑ ኤ4። የስክሪን ምስሎቹ በቀለም ደምቀው እንዲታዩ ሲባል በካሬ ሜትር 115 ግራም የሚመዝን አብረቅራቂ ወረቀት ተመረጠ። ጥረዛው እንደ መደብር መጽሐፍ በሙጫ እንዲሆን ተወሰነ። ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ተጻፈ። ሰኔ መጨረሻ ላይ 60 ቅጂ በካርቶን ሲመጣ ሁላችንም ደስ አለን። የሚያምር መጽሐፍ ነበር። አንድ ሥራ አስኪያጅ መደርደሪያው ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳው።

ያን ጊዜ ማናችንም ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ መጽሐፍ ሲነበብ የት ነው የሚቀመጠው?

ችግሩ እንዴት ታየ

ሥልጠናው በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ታየ። ሰልጣኞቹ ማኑዋሉን ከኪቦርዱ ጎን ይገልጡታል። እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ሲመልሱ ማኑዋሉ ራሱን ይዘጋል። እንደገና ይገልጡታል፣ እንደገና ይዘጋል። የሶፍትዌር ማኑዋል ከልብ ወለድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድ በሁለት እጅ ተይዞ ይነበባል። ማኑዋል የሚነበበው ግን ሁለቱም እጆች ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ነው።

ሰዎቹ የየራሳቸውን መፍትሔ አበጁ። አንዱ ስቴፕለር ጫነበት። ሌላዋ ሞባይሏን። የመጋዘን ኃላፊው የመኪና ቁልፉን ከነማንጠልጠያው አስቀመጠበት። አንዲት ልጅ ደግሞ ማኑዋሉን መሀል ላይ ገልጣ በክርኗ አጥብቃ ተጫነችው። ጀርባው «ቋ» ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሰማን። ደንግጣ ቀና አለች። ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነበር በኋላ ቅጠል መርገፍ የጀመረው።

ክብደቱም ቀላል አልነበረም። ኤ4 ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ባለ 115 ግራሙ ቅጠል ስለዚህ ከ7 ግራም በላይ ይመዝናል። 218 ቅጠል ሲሆን ከነሽፋኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልፋል። ገልጣችሁ ስታስቀምጡት 42 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይወስዳል። የገንዘብ ያዥ ጠረጴዛ ላይ ከኪቦርዱ፣ ከማውዙ፣ ከደረሰኝ ጥራዙና ከማኅተሙ ቀጥሎ 42 ሴንቲ ሜትር ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያነቡት።

አብረቅራቂው ወረቀት ሌላ ጣጣ አመጣ። የጣሪያው መብራት እያንጸባረቀበት ጽሑፉን ለማየት አንገት ማዘንበል ግድ ሆነ። እርሳስም አይይዝም። እስክሪብቶ ሲጻፍበት ቀለሙ ሳይደርቅ ይዳመጣል። እያሰመሩ የሚማሩትን ትልልቅ ሰዎች ለመርዳት ብለን ያተምነው ማኑዋል ማስመር ከለከላቸው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅጠሎቹ ከጀርባቸው አጠገብ እንደ ቆርቆሮ መሞገድ ጀመሩ። ከሰመራ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ወሬ መጣ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ማኑዋል ጀርባው ለስልሶ ቅጠሎቹ ከቦታቸው ተንሸራተዋል ተባለ። ፎቶ አስልኬ አየሁት። እውነት ነበር። ሽፋኑ በአንድ በኩል፣ ውስጡ በሌላ በኩል ዘሟል።

የጠፋው ቅጠል

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የሐምሌ ሒሳብ መዝጊያ ደረሰ። ወር መዝጋት በማኑዋሉ ውስጥ ሁለት ቅጠል የሚወስድ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቅጠል መጠባበቂያ ቅጂ እንዴት እንደሚወሰድ ያሳያል። ሁለተኛው መዝጊያውን ያሳያል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ የመጀመሪያው ቅጠል ወልቆ ወድቋል። ሠራተኛዋ የምታነበው ተከታታይ መስሏት ቀጥታ ወደ መዝጊያው ገባች። ወሩ ተዘጋ። ያልገባ የሁለት ቀን ደረሰኝ ውጭ ቀረ። የሚመለስበት ቅጂ ደግሞ የለም። የሁለት ቀኑን ሥራ ሦስት ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ገብተው ከወረቀት ደረሰኝ እያዩ አስተካከሉት።

ይቅርታ የጠየቀችኝ ይህቺ ሠራተኛ ናት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አፈርኩ። መጥፎ ዕቃ ለሰው ስንሰጥ ሰውየው ራሱን እንደሚወቅስ አላወቅኩም ነበር። ከ60ዎቹ ሰዎች መካከል እስከዚያች ቀን ድረስ «ማኑዋሉ አይረባም» ብሎ ያመለከተ አልነበረም። ሁሉም በየቤቱ በስኮች እየለጠፈ ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ

መጀመሪያ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። የሰጡኝ መልስ «የተለመደው ሙጫ ነው» የሚል ነበር። ዋሽተው አይደለም። ነገሩ የገባኝ ግን የቆዩ መዝገቦችንና የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጠራዥ ጋ ከሄድኩ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ሙጫው መጥፎ ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

ማኑዋሉን ተቀብለው ገለጡት፣ ዘጉት፣ ወደ ጎን ይዘው አዩት። ከወለቀው ቅጠል ላይ አንዱን ጫፍ ቀደዱ። «ሙጫው ብቻ አይደለም ልጄ። ወረቀቱ ራሱ እየታገለው ነው» አሉኝ።

ያስረዱኝን በኋላም ካነበብኩት ጋር አገናዝቤ እጽፋለሁ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነውና።

ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫዎቹ ማሽኑ በሚሮጥበት አቅጣጫ ይተኛሉ። ወረቀት በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፤ በተቃራኒው ግን እንቢ ይላል። ለመጽሐፍ የቃጫው አቅጣጫ ከጀርባው ጋር ትይዩ፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች መሆን አለበት። የእኛ ማኑዋል በአግድም ነበር የተቆረጠው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል ሲገለጥ እንደ ሰሌዳ ድርቅ ብሎ ሙጫውን ወደ ላይ ይነቅላል። ክረምት ላይ መሞገዱም ከዚሁ ይመጣል። ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በውፍረቱ ግን ያብጣል። በእኛ ማኑዋል እብጠቱ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች፣ በጀርባው ርዝመት ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ሙጫው አንቆ ይዞታል። መሄጃ ያጣ ወረቀት ይሞገዳል።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ወረቀት ከላይ ወደ ታች ቅደዱ፣ ከዚያም በአግድም ቅደዱ። ቀጥ ብሎ የተቀደደበት በኩል የቃጫው አቅጣጫ ነው። የተንሻፈፈበት ተቃራኒው ነው። ጋሼ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ አብረቅራቂው ወረቀት ነው። በሙጫ ሲጠረዝ የቅጠሎቹ ጀርባ በማሽን ተቆርጦ ይሻከራል፤ ሙጫው ቃጫው ውስጥ እንዲገባ ነው። አብረቅራቂ ወረቀት ላዩ በነጭ ሽፋን የተቀባ ስለሆነ ሙጫው የሚይዘው ቃጫ ያንሰዋል። ላይ ላዩን ብቻ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ሙጫው ነው። በብዙ ማተሚያ ቤቶች የተለመደው ሙጫ ኢቪኤ የሚባለው ነው። በሙቀት ቀልጦ ይቀባል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ፈጣንና ርካሽ ነው። ግን በሙቀት የሚቀልጥ ነገር በሌላ ሙቀት ይለሰልሳል። የሰመራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ሲበርድ በተቃራኒው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፒዩአር የሚባል ሌላ ሙጫ አለ። እሱ ከአየርና ከወረቀቱ እርጥበት እየወሰደ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ተመልሶ አይቀልጥም። በስሱ ስለሚቀባ መጽሐፉም ይበልጥ ይገለጣል። ዋጋው ግን ይወደዳል፣ ማሽኑም ለብቻው ነው፣ ለመጠንከር እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። እኛ በጠየቅናቸው ማተሚያ ቤቶች አላገኘነውም።

አዛውንቱ ከመደርደሪያቸው አንድ ለጥገና የመጣ የብራና መጽሐፍ አውርደው ገለጡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ማንም አልያዘውም። በእኛ አገር የብራና አጠራረዝ ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው በክር ወይም በጅማት ተሰፍተው ከእንጨት ገበታው ጋር ይያያዛሉ። አያያዙ በስፌቱ ነው እንጂ ጀርባው ላይ በተቀባ ሙጫ አይደለም። ስፌቱ እንደ ማጠፊያ ይታጠፋል። አትሮንስ ላይ ተቀምጦ የሚነበብ መጽሐፍ ራሱን ቢዘጋ አገልግሎት ይቆማል፤ ስለዚህ ጠራዦቹ ጥያቄውን ከጥንት ጀምሮ መልሰውታል። ይህን ሳይ ትንሽ ቆጨኝ። መልሱ እቤታችን እያለ ነው እኛ መደርደሪያ ላይ ለሚያምር ጀርባ የተጨነቅነው።

ያደረግናቸው ሙከራዎች

የመጀመሪያው ሙከራ ምንም ወጪ ያልነበረው ነው። አዲስ ሙጫ ጥረዛ እንዴት እንደሚለማመድ ለሠራተኞቹ አሳየን። ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየገለጡ፣ በጣት ወደ ጀርባው እየዳበሱ ወደ መሀል መሄድ ነው። ላልተነኩት ቅጂዎች ትንሽ ረዳ። ለተሰነጠቁት ምንም አልፈየደም።

ሁለተኛው ያሉትን ቅጂዎች ማዳን ነበር። ጀርባቸውን በመቁረጫ ማሽን አስቆርጠን በፎቶኮፒ ቤቶች በሚሠራው የፕላስቲክ ማበጠሪያ እናስይዛቸው አልን። ኤ4 ላይ 21 ቀዳዳ የሚበሳው ማለት ነው። 10 ቅጂ አስሞከርን። ጀርባው ሲቆረጥ 4 ሚሊ ሜትር ሄደ። ቀዳዳውና ጠርዙ ደግሞ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ። እኔ የተውኩት የውስጥ ኅዳግ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ሠንጠረዦቹ ደግሞ ከኅዳጉ አልፈው የገቡ ነበሩ። ውጤቱ፦ የአንዳንዱ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ተበሳ። የተበሳው ዓምድ የሒሳብ መደብ ቁጥሩ ያለበት ነው! ተገልጦ መቀመጡን ግን ተገልጦ ተቀመጠ። ሰዎቹ ቁጥሩ ተበስቶም ቢሆን ይህን መረጡ። ከሁለት ወር በኋላ ማበጠሪያው ጥርሱ እየተሰበረ፣ ቅጠሎቹም እየሾለኩ መውጣት ጀመሩ። ይህን ያህል ክብደት ያለው፣ በየቀኑ የሚገለጥ ማኑዋል አልቻለም።

ሦስተኛው ቦክስ ፋይል ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በጣም ተማምኜበትም ነበር። ምክንያቴ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል የተለወጡትን ቅጠሎች ብቻ አትሞ መላክ ይቻላል የሚል ነው። አዲስ ሐሳብ አይደለም። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ማኑዋሎቹን በትናንሽ የቀለበት ማኅደር አድርጎ ነበር የሸጠው። ገጽ ማውጣትና መተካት ይቻል ነበር፣ ጠረጴዛ ላይም ተዘርግቶ ይተኛ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ፕሮግራመሮች እስካሁን በፍቅር ያነሡታል። በኋላ ኢንዱስትሪው ዋጋ ለመቀነስ ወደ ሙጫ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሲዲ፣ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ።

የእኛ ቦክስ ፋይል ግን የአይቢኤም ማኅደር አልነበረም። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ወረቀት በሁለት ቀዳዳ ሲንጠለጠል ቀዳዳው ይቀደዳል። ሲገለጥም ጠረጴዛውን ይሞላዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነበር። ተተኪ ቅጠሎችን ለቅርንጫፎች ላክን። ከሦስት ወር በኋላ 9 ቦክስ ፋይል ስናይ ቅጠሎቹ የተተኩት በ2ቱ ብቻ ነበር። በ3ቱ ተተኪዎቹ ከነፖስታቸው ኪስ ውስጥ ነበሩ። በአንዱ አዲሱም አሮጌውም ጎን ለጎን ገብቷል፤ ሠራተኛው የቱን እንደሚከተል አያውቅም። በተቀሩት የደረሰ ነገር የለም። ሠራተኞቹን አልወቅስም። ወር መዝጊያ ላይ ያለ ሰው ቅጠል ሲተካ አይውልም። ቅጠል መተካት የራሱ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ ለማንም አልሰጠነውም።

የሠራው

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄውን ከሥር ያነሣነው። 436 ገጹን በሙሉ የሚያነብ ማን ነው? ማንም። ገንዘብ ያዡ የሚያስፈልገው ወደ 60 ገጽ ነው። የመጋዘን ሠራተኛው 80 የማይሞላ። የሒሳብ ሠራተኛዋ 150 ገደማ። የሲስተም ኃላፊው ቀሪውን። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ያተምነው ለአንባቢው አስበን አልነበረም። የእኛ ፋይል አንድ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ማኑዋሉ በሥራ ድርሻ ለአራት ተከፈለ። ወረቀቱ ተራ 80 ግራም ሆነ፤ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው። አያንጸባርቅም፣ እርሳስም ይይዛል። የስክሪን ምስሎቹን ጥቁርና ነጭ አደረግናቸው። የሚጫነው ቁልፍ ላይ ቁጥር አስቀመጥን እንጂ በቀለም አላሳየንም። የውስጥ ኅዳጉ 25 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጥረዛው ድርብ የሽቦ ቀለበት ነው፤ ኤ4 ላይ 34 ቀዳዳ የሚበሳው። በዚህ ጥረዛ መጽሐፉ ተገልጦ ብቻ አይቀርም። ዙሮ ጀርባ ለጀርባ ይታጠፋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የሚወስደው ስፋት ከ42 ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ገንዘብ ያዧ ከኪቦርዷና ከደረሰኟ መካከል ስታስገባው አየሁ። ያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል ካርቶኑ በመጣበት ቀን አልተደሰትኩም ነበር።

ከዚህም በላይ የሠራው ግን ትንሹ ነገር ነው። የወር መዝጊያውን እርምጃ በሙሉ በአንድ ኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ አድርገን ላሚኔት አስደረግነው። መጠባበቂያ ቅጂው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ ብቻውን ሊወልቅ አይችልም። ከአንዱ ጫፍ ቀዳዳ በስተን በክር ከሞኒተሩ ሥር አንጠለጠልነው። ከዚያ ወዲህ ቅጂ ሳይወሰድ ወር የተዘጋበት ቅርንጫፍ አልገጠመንም።

ያልሠራው

የሽቦ ቀለበቱ ወደ ቅርንጫፍ ሲሄድ ተጎዳ። በአውቶቡስ ጭነት ሌላ ዕቃ ተጭኖበት የሄደው ካርቶን ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ተጨፍልቀው ደረሱ። የተጨፈለቀ ሽቦ በፒንሳ ይቃናል፤ ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ ገጹ ሲገለጥ ይነክሳል። ለቅርንጫፎቹ ወደ ፕላስቲክ ጥቅል ስፓይራል ቀየርነው። እሱ ሲጨፈለቅ ተመልሶ ይነሣል። ጉድለቱ ሲገለጥ ግራና ቀኙ ገጽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሠንጠረዥ ካላችሁ መስመሩ አይገጥምም። እኛ እንደዚያ ያለ ሠንጠረዥ አንድ ነበረን፤ ወደ አንድ ገጽ አጠበብነው።

ከመጀመሪያዎቹ የሽቦ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ቅጠል ያሾልኩ ነበር። ምክንያቱ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱ ነው። የቀለበቱ መጋጠሚያ ደግሞ በመጨረሻው ቅጠልና በኋላ ሽፋኑ መካከል መዋል ሲገባው ከፊት ሆኗል። አሁን ከማተሚያ ቤት ስንረከብ በየቅጂው መጋጠሚያውን በጣት እየዳበስን ነው የምንቀበለው።

ጀርባ የሌለው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ስሙ አይታይም። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው። አራቱም ሲደረደሩ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የሽፋኑን ቀለም ለያየን፤ የኋላ ሽፋኑን በአንድ ጣት ስፋት አስረዝመን ስሙን እዚያ ላይ ጻፍን። ይሠራል፤ ያማረ ግን አይደለም።

ለአራት መክፈሉም ዋጋ አለው። መግቢያው፣ የቃላት መፍቻውና የይለፍ ቃል አያያዙ አራት ቦታ ይደገማሉ። አንድ ጊዜ በሦስቱ አስተካክዬ አራተኛውን ረሳሁት። ይህን እስካሁን በጥሩ ሁኔታ አልፈታሁትም። የጋራውን ክፍል ለብቻው አንድ ፋይል አድርጌ ከአራቱ ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ማተሚያው ፋይል ሲወጣ ግን አሁንም በዓይን ማየት ይጠይቃል።

ለሌላ ሥራ የሚሄዱ ነጥቦች

ጥረዛ የሚወሰነው ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ነው። ኅዳጉን፣ የሠንጠረዡን ስፋት፣ የገጹን ብዛት፣ ምስሉ በቀለም ይሁን አይሁን የሚወስነው እሱ ነው። እኛ መጨረሻ ላይ ነው ያሰብንበት፤ ስለዚህ ለማረም ስንሞክር ኅዳጉ አልበቃንም። እስካሁን በሌሎች ቢሮዎች ያየኋቸው የተበላሹ ማኑዋሎች ሁሉ ከዚሁ የመጡ ይመስለኛል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ «በጥሩ ጥረዛ» አትበሉ። የቃጫው አቅጣጫ ከጀርባው ጋር ትይዩ ይሁን በሉ፤ ውሉ ላይም አስጽፉት። የሚሄድበትን ቦታ ሙቀት ንገሯቸው። ሙጫ ግድ ከሆነ የትኛው ሙጫ እንደሆነ ጠይቁ፣ ውስጡንም አብረቅራቂ አታድርጉ። ከ60 እስከ 80 ገጽ ለማይበልጥ ደግሞ መሀሉን በስቴፕል መያዝ ይበቃል፤ የገጹ ቁጥር በ4 የሚካፈል መሆን ብቻ ነው ያለበት። የገንዘብ ያዡን ባለ 60 ገጽ በሚቀጥለው ዙር እንዲህ ለማድረግ አስበናል። ይረክሳል፣ አይጨፈለቅም፣ ተገልጦም ይተኛል።

ከማተም በፊት ደግሞ ባዶ ወረቀት አስጠርዙ። ለማተም ያሰባችሁትን ያህል ቅጠል፣ ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ጥረዛ። እሱን ወስዳችሁ እውነተኛው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አንድ ቀን ይዋል። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ 60 ቅጂ አናበላሽም ነበር። አሁን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ሰው ካላማረረ ችግር የለም ብላችሁ ደግሞ አትለፉ። ሄዳችሁ ማኑዋሉን እዩት። ስኮች ካለበት፣ ላስቲክ ከታሰረበት፣ ግማሹ ፎቶኮፒ ተደርጎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሠራተኞቹ መልሳቸውን ሰጥተዋል።

ያቺን የሒሳብ ሠራተኛ በኋላ አግኝቼ ጥፋቱ የእኛ እንደነበር ነገርኳት። በስኮች የተለጠፈውን አሮጌ ቅጂዋን ተቀብዬ አዲሱን ሰጠኋት። አሮጌው አሁን እኔ ጋ አለ። ባለፈው ደውላ ነበር። ስለ ጥረዛው ምንም አላነሣችም። ምዕራፍ 3 ላይ ያለው የተመላሽ ዕቃ አመዘጋገብ ግልጽ አይደለም አለችኝ። ልክ ናት፤ እሱን እያስተካከልኩ ነው።